የኬሚስትሪ ትምህርት፣ የምስል መሣሪያና የአካባቢ ባህል፦ ከቦንጋና ከካፋ ትምህርት ቤቶች አንፃር የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች ከሚፈሯቸው ትምህርቶች አንዱ ኬሚስትሪ እንደሆነ መምህራን ሁሉ የሚያውቁት ነው። ይህን ፍርሃት ለማስወገድና ትምህርቱን ተወዳጅ ለማድረግ በየጊዜው የሚቀርቡት ሐሳቦች ቢሰበሰቡ በሁለት ይጠቃለላሉ። አንደኛው ትምህርቱን በምስልና በድምፅ መሣሪያ፣ በዛሬው አጠራር በዲጂታል ዘዴ፣ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ትምህርቱን ከተማሪው ባህልና ከአካባቢው ኑሮ ጋር ማያያዝ ነው። ሁለቱም መልካም ሐሳቦች ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ተለያይተው ሲሠራባቸው፣ ወይም አንዱ ለሌላው ጌጥ ብቻ ሆኖ ሲቀርብ፣ የተማሪው ዕውቀት ባለበት እንደሚቀር ያለፉት ዓመታት ልምድ ያሳያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጉዳይ ከካፋ ትምህርት ቤቶች አንፃር መመርመር ነው። ካፋ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን በዚያ ይገኛል፤ ይህም ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ማሩ፣ እንሰቱ፣ ኮረሪማውና ጥምዙ የሕዝቡ የዕለት ኑሮ ናቸው። ቦንጋ ከተማም ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለባት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት። ስለዚህ አንድ የካፋ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት ቡና ሲቆላ፣ ጠጅ ሲጣል፣ ቆጮ ሲብላላ፣ እንጨት ከሰል ሲሆን አይቷል። እነዚህ ሁሉ ኬሚካዊ ለውጦች ናቸው። ነገር ግን ይኸው ተማሪ ክፍል ገብቶ «ኬሚካዊ ለውጥ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ በቃሉ የያዘውን የእንግሊዝኛ ትርጓሜ ከመድገም በስተቀር ያየውን ነገር አያነሣም። በቤቱ ያየውና በክፍል የሚሰማው ሁለት የተለያዩ ዓለማት ሆነው ይቀራሉ።

የጽሑፉ ዋና አስተያየት በአጭሩ ይህ ነው፤ ባህል ለኬሚስትሪ ትምህርት የጥያቄ ምንጭ መሆን ይገባዋል፤ የምስል መሣሪያ ደግሞ የተማሪው እጅና ዓይን የማይደርሱበትን ለማሳየት መዋል ይገባዋል።

ሀ. ከሳተላይት ትምህርት የተገኘ ልምድ

ትምህርትን በቴሌቪዥን የማሠራጨት ሥራ በአገራችን ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ በስፋቱ የሚበልጠው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና በሕዝብ ዘንድ «ፕላዝማ» የሚል ስም ያገኘው የሳተላይት ስርጭት ነበር። በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በእንግሊዝኛ የቀረበው ይህ ፕሮግራም ኬሚስትሪን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ያደርስ ነበር።

የፕሮግራሙ ዓላማ የሚነቀፍ አልነበረም። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ ሙከራ እንዲያይ፣ በሩቅ ወረዳ የሚማረውም ከአዲስ አበባው ተማሪ ጋር እኩል ትምህርት እንዲያገኝ የታሰበ ነበር። ይህ የእኩልነት ሐሳብ ዛሬም ሊዘነጋ አይገባም። በአፈጻጸሙ የታዩት ጉድለቶች ግን ለዛሬው የዲጂታል ትምህርት ዕቅድ ትልቅ ትምህርት ስለሚሰጡ አንድ በአንድ መመልከት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጉድለት የፍጥነት ነው። በስርጭቱ የሚታየው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰኮንዶች ቆይቶ መልሱን ራሱ ይሰጣል። ተማሪው ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በልቡ ወደሚያስብበት ቋንቋ መልሶ፣ መልሱን አስቦ ሳይጨርስ ትምህርቱ ያልፈዋል። ስርጭቱን ማቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ነበር።

ሁለተኛው የመምህሩ ቦታ ነው። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስርጭቱ ስለሚወስደው፣ ለክፍሉ መምህር የሚቀሩለት የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ተማሪዎቹን በስማቸው የሚያውቀው፣ ማን እንደገባው ማን እንዳልገባው ከፊታቸው የሚያነበው ሰው፣ መሣሪያውን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛውና ለዚህ ጽሑፍ ዋና የሆነው ጉድለት፣ ትምህርቱ የአካባቢ መልክ ያልነበረው መሆኑ ነው። አንድ ቅጂ ለጋምቤላም፣ ለደብረ ብርሃንም፣ ለቦንጋም ሲሠራጭ፣ ለሁሉም እንዲስማማ የግድ የየትም መሆን ነበረበት። በዚህም ላይ በክፍል ውስጥ በእጅ ሊሠራ የሚችለውን ሙከራ ሳይቀር በመስኮቱ ማየት ተለመደ። የእንቁላል ቅርፊት በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ቢጨመር አሲድና ካርቦኔት ሲገናኙ የሚወጣውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ለማየት ሳተላይት አያስፈልግም። ምስሉ ሥራውን ሲተካው ተማሪው ተመልካች ይሆናል፤ ተመልካችም ቢደሰት እንኳ ኬሚስትሪን አልሠራም።

ለ. የውኃ መፍያ ነጥብ፦ አንድ ምሳሌ

የአካባቢ ጉዳይ የስሜት ወይም የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሳይንስም ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪ ሁሉ ንጹሕ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ይማራል። ቦንጋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ስለሆነ፣ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ 92 ዲግሪ ገደማ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ የቦንጋ ተማሪ ቴርሞሜትር ይዞ ውኃ ቢያፈላ ምን ያገኛል? መጽሐፉ 100 ይላል፤ ቴርሞሜትሩ 94 ይላል። በብዙ ክፍሎች ተማሪው በደብተሩ ላይ የሚጽፈው 100 ነው። ያየውን ትቶ የተነገረውን ጻፈ ማለት ነው። ይህ ተማሪ በዚያች ቅጽበት የተማረው የውኃን መፍያ ነጥብ ሳይሆን፣ የገዛ ዓይኑ ከመጽሐፍ ፊት ዋጋ እንደሌለው ነው። ከኬሚስትሪ ትምህርት ዓላማ ይህን የመሰለ ተቃራኒ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ይኸው ልዩነት ግን በደንብ ከተያዘ ግሩም ትምህርት ይሆናል። መምህሩ «መጽሐፉ ተሳስቷል ወይስ ቴርሞሜትሩ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ክፍሉ የእንፋሎት ግፊትን፣ የከባቢ አየር ግፊትንና የመፍላትን ምንነት ለማወቅ ምክንያት ያገኛል። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የተናገረው ስለ ባሕር ወለል ግፊት ነው። ቴርሞሜትሩም፣ የአንድ ዲግሪ ያህል የመሣሪያ ስሕተት ሊኖረው ቢችልም፣ ልክ ነው። በዴቻ ወረዳ ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላ የሚማሩ ተማሪዎች ተመሳሳይ ሙከራ ሠርተው ውጤታቸውን ለቦንጋ ተማሪዎች በስልክ መልእክት ቢልኩ፣ ከደጋው ወረዳም አንድ ትምህርት ቤት ቢጨመር፣ ከፍታንና መፍያ ነጥብን የሚያሳይ ግራፍ በተማሪዎቹ እጅ ይሠራል። የዲጂታል መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ከአንድ ማዕከል የተቀረጸ ትምህርት መቀበል ነው ብለን የምናስብ ከሆነ፣ ይህ ምሳሌ ሌላ መንገድ ያሳየናል፤ ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን ልኬት ሊለዋወጡ ይችላሉ። ለዚህም አንድ ቴርሞሜትርና የአንድ መምህር ተራ ስልክ ይበቃል።

ሐ. ባህል ጌጥ ሲሆንና ባህል ጥያቄ ሲሆን

የአካባቢን ባህል በትምህርት ውስጥ ማስገባት በሥርዓተ ትምህርት ሰነዶቻችን በተደጋጋሚ የተነሣ መመሪያ ነው። ሆኖም መመሪያው ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው የጀበናና የረከቦት ሥዕል በምዕራፉ መግቢያ ላይ በማኖር፣ ወይም «ቡና የአገራችን ሀብት ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በመጨመር ነው። ሥዕሉ ቢወጣ የምዕራፉ ኬሚስትሪ አንዳች አይጎድልበትም። እንግዲህ አንድ የባህል ምሳሌ በትክክል ገብቷል ለማለት የሚቻለው፣ ምሳሌው ቢነሣ ትምህርቱ የሚፈርስ ሲሆን ነው። መምህራንና የመጽሐፍ አዘጋጆች በዚህ መመዘኛ ሥራቸውን ቢፈትሹ መልካም ነው።

ቡናን እንደገና እንመልከት። መቶ ግራም ጥሬ ቡና ተቆልቶ ሲመዘን እንደ አቆላሉ ከ80 እስከ 88 ግራም ገደማ ይሆናል። የቀረው የት ሄደ? ስለ ቁስ አካል መጠበቅ ሕግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አይገኝም። ከፊሉ በፍሬው ውስጥ የነበረ ውኃ ሲሆን፣ በእንፋሎት መውጣቱ ፊዚካዊ ለውጥ ነው። ቀለሙና መዓዛው ግን ስኳሮችና አሚኖ አሲዶች በሙቀት ተገናኝተው ከፈጠሯቸው አዳዲስ ውህዶች የመጣ ስለሆነ ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ይወጣል። በአንድ ምጣድ ላይ ሁለቱን ዓይነት ለውጥ ማነፃፀር ይቻላል። ከዚህ በኋላ መምህሩ ስለ ካፌይን ሊናገር ይችላል። ይህን ውህድ በ1819 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ ነው። አንዱ ሞለኪውል 8 የካርቦን፣ 10 የሃይድሮጅን፣ 4 የናይትሮጅንና 2 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። ቡና የሚለው ስያሜ በአውሮፓ ቋንቋዎች ከካፋ የመጣ ነው ወይስ ከዓረብኛ የሚለው ሊቃውንትን ያከራከረ ነው፤ ለኬሚስትሪ መምህሩ ግን የስሙ ምንጭ ከሚያስጨንቀው ይልቅ፣ በካፋ ምድር የበቀለው ፍሬ ውስጥ ያለውን ነገር የካፋ ተማሪ ሊለካው መቻሉ ሊያስጨንቀው ይገባል።

የማር ጠጅም እንዲሁ የስሌት ትምህርት ሊሆን ይችላል። ጠጁ ሲብላላ 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ 92 ግራም ኤታኖልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ከጋኑ የሚወጣው አየር በኖራ ውኃ ውስጥ ቢያልፍ ውኃው ወተት ይመስላል። አልኮል የማይነካ ቤተሰብ ልጆች ባሉበት ክፍል መምህሩ በጠጅ ፈንታ የዳቦ ሊጥ ቢወስድ አጸግብሮቱ አንድ ነው፤ የማንም ሃይማኖት አይነካም። በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ አየር እንዳይገባው የሚታፈነው የቆጮ ሊጥ ደግሞ፣ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ስለሚያመርቱበት ፒ.ኤች.ው ከ6 በላይ ከነበረበት ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። እናቶች «ደረሰ» የሚሉትን በሽታና በጣዕም ያውቁታል፤ ተማሪው ከከርከዴ በተነከረ ቀይ ውኃ ወይም በጠቋሚ ወረቀት ሊለካው ይችላል። ዝናብ በበዛበት በዚህ አካባቢ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከአፈር እየታጠቡ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ገበሬው ኖራ እንዲጨምር የሚመከረውም በዚሁ በአሲድና በቤዝ ትምህርት ነው።

የባህል ዕውቀት በጥያቄ ሲፈተሽ ወደ ሳይንስ የሚያደርስ መሆኑን ለማሳየት ከራሳችን ታሪክ የእንዶድ ጉዳይ ይበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ፣ ጉዳዩን በጥናት ተከታትለው በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን እንደሚገድላቸው አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድን ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። አዲሱ ነገር የተጠየቀው ጥያቄ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። ባህል ሲባል ሁሉም ተማሪ በአንድ ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር አድርጎ መውሰድ አደገኛ ነው። በካፋ የማንጆ ማኅበረሰብ በታሪክ የደረሰበት መገለል የታወቀ ነው፤ ከሰል ማክሰልም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ማኅበረሰብ ኑሮ ጋር ተያይዞ ይነሣል። መምህሩ ተማሪዎቹን «የቤተሰብህ ሥራ ምንድን ነው?» እያለ በክፍሉ ፊት ቢያስነሣ፣ ለኬሚስትሪ ያመጣው ዘዴ ለንቀት መሣሪያ ይሆናል። በሌላ በኩል ግን እንጨት አየር አጥቶ ሲነድድ ጋዝና እንፋሎት ወጥተው ካርቦኑ የሚቀርበት ሥራ፣ ከቡና ቁላት ያላነሰ ኬሚስትሪ አለው። ሥራውን ያለ ባለቤት ስም በክብር ማስተማር የመምህሩ ፈንታ ነው።

መ. የምስል መሣሪያ ተገቢ ድርሻ

ከላይ የተባለው ሁሉ የምስል መሣሪያን ለማጣጣል አይደለም። ኬሚስትሪ በሦስት ደረጃ የሚታይ ትምህርት ነው፤ በዓይን የሚታየው ለውጥ፣ በዓይን የማይታየው የአቶሞችና የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ፣ እና ሁለቱን የሚገልጸው የምልክትና የቀመር ጽሑፍ። የመጀመሪያውን ምጣዱና ጋኑ ያሳያሉ። ሦስተኛውን ጥቁር ሰሌዳው ያሳያል። ሁለተኛውን ግን ምጣድም ሆነ ጠመኔ ሊያሳይ አይችልም፤ የተንቀሳቃሽ ምስል ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ፌት» የተባለው የነፃ ማስመሰያ ሙከራዎች ስብስብ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ተማሪው ሙቀቱን ራሱ ጨምሮ ሞለኪውሎቹ ሲፈጥኑ ያያል፤ መምህሩም በፈለገው ቦታ ያቆመዋል። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድሞ በኮምፒውተር ሊጫን መቻሉም ለወረዳ ትምህርት ቤቶች ተስማሚ ያደርገዋል።

በናይጄሪያ የሌጎስ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፒተር ኦኬቡኮላ ባህልን፣ ቴክኖሎጂንና አውድን አጣምረው ያቀረቡት የማስተማር ስልትም ሊጠና የሚገባው ነው። በዚህ ስልት ተማሪዎቹ ርዕሱ ቀደም ብሎ ይነገራቸዋል፤ ከርዕሱ ጋር የሚገናኝ የአካባቢ ልማድ ከቤተሰባቸው ይጠይቃሉ፤ ከኢንተርኔትም ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በክፍል በቡድን ይወያያሉ፤ በመጨረሻም የትምህርቱ አጭር ማጠቃለያ በስልክ ይደርሳቸዋል። የስልቱ ጥንካሬ ቤተሰቡን በክፍሉ በር ማስገባቱ ነው። ድክመቱ ለእኛ ሁኔታ ስልክና ኢንተርኔት ለሁሉም እንዳለ አድርጎ መነሣቱ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል በተደረገ ጊዜ፣ መሣሪያው የሌላቸው ልጆች ወደ ኋላ ቀርተዋል። ስለዚህ ከዚህ ስልት መጀመሪያ ሊወሰድ የሚገባው ምንም ወጪ የማይጠይቀው ክፍል፣ ማለትም ቤተሰብን መጠየቅ፣ ነው።

ሠ. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ስለ ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነዋል። «በዚህ ጊዜ ስለ ቡና ቁላት ማውራት ጊዜ ማባከን ነው» የሚል መምህር ቢኖር ስጋቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት በቃል በማስጠናት ዘዴ ስንሠራ ነው። የ180፣ የ92ንና የ88ን ግንኙነት በጠጅ ወይም በሊጥ የተረዳ ተማሪ፣ ፈተናው በሌላ ውህድ ቢጠይቀውም መንገዱን ያውቃል።

ሁለተኛው ስለ ቋንቋ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የአካባቢ ምሳሌ ማንሣት ተማሪውን ከፈተናው ቋንቋ ያርቀዋል የሚሉ አሉ። ተማሪው ያየውን ነገር በመጀመሪያ በካፊኖኖ ወይም በአማርኛ ቢያወራው፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ቃል ቢያስቀምጥበት፣ ቃሉ የሚያርፍበት ነገር ያገኛል። ከነገሩ በፊት ቃሉን ብቻ የያዘ ተማሪ ግን ሁለቱንም ያጣል።

ሦስተኛው የመሣሪያና የመብራት እጥረት ነው። ይህ እውነት ስለሆነ፣ ማንኛውም ዕቅድ መብራት በጠፋበት ቀንም ሊሠራ የሚችል መሆን አለበት። በእጅ የሚሠራው ሙከራ ዋና፣ ምስሉ ደጋፊ ሆኖ ሲቀመጥ፣ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ ይቀጥላል። በሳተላይቱ ዘመን ግን መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው ትንተና በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ለዕቅድ አውጪዎችና ለመምህራን ቀርበዋል።

1ኛ/ አዲስ የዲጂታል ትምህርት ሲዘጋጅ መምህሩ ሊያቆመው፣ ሊቆርጠውና ሊደግመው በሚችል አጫጭር ክፍል ይዘጋጅ፤ በእጅ ሊሠራ የሚችል ሙከራም በምስል አይተካ።

2ኛ/ በመጻሕፍትና በምስል የሚገቡ የባህል ምሳሌዎች «ቢወጡ ትምህርቱ ይጎድላል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ይመዘኑ።

3ኛ/ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለየአካባቢያቸው የሚስማሙ፣ በቀላል ዕቃ የሚሠሩ ሙከራዎችን ከነልኬታቸው እየሰበሰቡ ለትምህርት ቤቶች ያድርሱ።

4ኛ/ በተለያየ ከፍታና አየር ንብረት የሚገኙ ትምህርት ቤቶች የሙከራ ውጤታቸውን በስልክ መልእክት የሚለዋወጡበት ሥርዓት ይዘርጋ።

5ኛ/ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተማሪው ራሱ ለክቶ ያገኘው ቁጥር፣ ከመጽሐፉ ቢለይም፣ ከነምክንያቱ በደብተሩ እንዲሰፍር ያድርግ።

ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው በጀትም መመሪያም ሳይጠብቅ በመጪው ሳምንት ሊጀመር የሚችል ነው። በቦንጋ ክፍል ውስጥ ውኃ በ94 ዲግሪ ሲፈላ አይቶ 94 ብሎ የጻፈና ምክንያቱን ያስረዳ ተማሪ፣ ኬሚስትሪ ጀምሯል ማለት ይቻላል።